ዝግመተ ለውጥ የጣለውን መልሶ ያነሳል?

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር ለንባብ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ።

በእንቁራሪት ጥርስ ልጀምር። አዎ፣ እንቁራሪት ጥርስ አላት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ አፏን ከፍቶ የሚያያት የለማ! አብዛኞቹ እንቁራሪቶች በላይኛው መንጋጋቸው ላይ ደቃቅ ጥርሶች አሏቸው። ለማኘክ ሳይሆን የያዙት ነፍሳት እንዳያመልጣቸው ነው። የታችኛው መንጋጋ ግን ባዶ ነው። አንዳንዶቹ ከታች የሾለ ነገር ይታይባቸዋል፤ እሱ ግን የአጥንት ቅጥያ እንጂ ጥርስ አይደለም።

ዛሬ በዓለም ላይ ከ7,000 በላይ የእንቁራሪት ዝርያዎች ይታወቃሉ። ከዚህ ሁሉ መሀል በታችኛው መንጋጋዋ እውነተኛ ጥርስ ያላት አንዲት ብቻ ናት። ጋስትሮቴካ ጉንተሪ ትባላለች። መኖሪያዋ በኮሎምቢያና በኢኳዶር የአንዲስ ተራሮች ላይ ያለ ደን ነው። ሴቷ እንቁላሎቿን ጀርባዋ ላይ ባለ ኪስ ትሸከማለች። ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1882 ነው። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2011 ጆን ዊንስ የተባለ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የእንቁራሪቶችን የዘር ሐረግ ይዞ ሒሳቡን ሠራው። እንቁራሪቶች የታች ጥርሳቸውን ከጣሉ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ይቺ የአንዲስ እንቁራሪት ደግሞ ጥርሱን ያገኘችው ባለፉት ከ5 እስከ 17 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው። መሀል ላይ ያለውን ጊዜ አስቡት። ዳይኖሰሮች ምድርን ሞልተው፣ ገነው፣ ጠፍተው አልቀዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጥርሱ ብቅ አለ።

ታዲያ የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል ማለት ነው? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ ቤልጅየም እንሂድ። በ1878 በርኒሳር በምትባል መንደር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከ300 ሜትር በላይ ወርደው ሲቆፍሩ ትልልቅ አጥንቶች አገኙ። ኢጓኖዶን የተባለው ቅጠል በል ዳይኖሰር ነበር፤ ያውም አንድ ሁለት ሳይሆን በደርዘን የሚቆጠር። እነዚህን አጥንቶች የማጥናቱ ሥራ ብራስልስ በሚገኘው ሙዚየም ለሉዊ ዶሎ ደረሰው። ዶሎ በትምህርቱ መሐንዲስ ነበር። አጥንትንም እንደ መሐንዲስ ነው የሚያየው፤ ይህ ክፍል ምን ሸክም ይችላል፣ ያኛው ወዴት ይታጠፋል ብሎ ይጠይቃል። በ1893 አንድ ሐሳብ ጻፈ። እስከ ዛሬ የዶሎ ሕግ ይባላል። ባጭሩ፣ አንድ ፍጥረት ቅድመ አያቶቹ ወደነበሩበት ሁኔታ ዳግም አይመለስም የሚል ነው።

እዚህ ላይ ለዶሎ ጥብቅና ልቁም። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው “ተሳስቷል” ለማለት ነው። አንድ እንስሳ የጣለውን ነገር መልሶ ሲያገኝ “የዶሎ ሕግ ተሰበረ” ተብሎ ይጻፋል። ሰውየው ያለው ግን ከዚህ ይለያል። ወደ ድሮ ኑሮው የሚመለስ እንስሳ የለም አላለም። ሲመለስ የሄደበት መንገድ አሻራ አብሮት ይመለሳል ነው ያለው።

እሱ ራሱ ከመረመራቸው እንስሳት አንዱን ልጥቀስ። የዛፍ ካንጋሩ የሚባል አለ። የካንጋሩዎች የጥንት አያቶች ዛፍ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ የኋላ አውራ ጣትም ነበራቸው። ከዚያ ወደ መሬት ወረዱ። መዝለል ሥራቸው ሆነ፣ እግራቸው ረዘመ፣ ያ አውራ ጣት ጠፋ። ከጊዜ በኋላ ከነሱ መሀል አንዱ ወገን መልሶ ዛፍ ላይ ወጣ። አውራ ጣቱ ግን አልተመለሰለትም። በምትኩ ሰፋ ያለ መዳፍና ጠንካራ ጥፍር አወጣ። ዛፍ ላይ ነው፤ እግሩን ላገላበጠው ሰው ግን መሬት ለመሬት ሲዘል የኖረ ወገን መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዶሎ ነጥብ ይህ ነው። በዚህ መልኩ ከተያዘ ሕጉ እስከ ዛሬ ወገቡ አልጎበጠም።

ጂን ከታወቀ በኋላ ግን ጥያቄው መልኩን ቀየረ። አሁን የምንጠይቀው ስለ እግሩ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን እግሩን ስለሚሠራው መመሪያ ነው። መመሪያው አለ ወይስ የለም?

ሰው የማይኖርበት ቤት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይፈርሳል። ጂንም እንደዚያው ነው። ዲኤንኤ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ ሁሌም ጥቂት ስህተት ይገባበታል። ጂኑ ሥራ ላይ ከሆነ የተበላሸ ቅጂ የያዘው ልጅ ይጎዳል፣ ዘርም አይተካም፣ ስህተቱ አብሮት ይቀራል። ተፈጥሯዊ ምርጫ ማለት አንዱ ሥራው ይህ ነው፤ ጠራጊ ነው። ጂኑ ሥራ ካቆመ ግን የሚጠርግለት የለም። አንድ ፊደል ይጎድላል፣ ሌላው ይለወጣል፣ እያለ እያለ የማይነበብ ይሆናል።

በ1994 ቻርልስ ማርሻልና ሁለት ባልደረቦቹ ይህ ብልሽት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አሰሉ። አንድ ዝም ያለ ጂን ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 6 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ዳግም ሊነቃ የሚችልበት ዕድል አለው። ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሥራ ፈቶ ከተቀመጠ ግን በቃ፣ ተስፋ የለውም።

ይኸው ችግር ገባ። ጂኑ በ10 ሚሊዮን ዓመት ይሞታል። ጥርሱ ደግሞ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ተመለሰ። ሁለቱ አይገጥሙም።

እስቲ እንቁራሪቷን እንደገና እንያት። የጠፋው ምን ነበር? የታች ጥርስ። የላይኛውስ? የላይኛው ምንም አልሆነም። በነዚያ ሁሉ ሚሊዮን ዓመታት እያንዳንዷ የዚህች እንቁራሪት አያት ላይኛው መንጋጋዋ ላይ ጥርስ ስታበቅል ኖራለች። ስለዚህ ጥርስ የሚሠሩት ጂኖች አንድም ቀን ሥራ ፈተው አያውቁም። ጠራጊው ሁሌም ነበራቸው። የጠፋው “ታች ላይም ሥሩ” የሚለው ትእዛዝ ብቻ ነው።

ዛሬ አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህን ነው የምሰጣችሁ። “ስንት ጊዜ ሆነው?” የሚለው ጥያቄ ብቻውን አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት “መሣሪያዎቹ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ነበሩ ወይ?” ተብሎ ነው። ከነበሩ ሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመትም ምንም አይደለም። ካልነበሩ ሃያ ሚሊዮንም ብዙ ነው።

ይህን የሚፈትን ጥሩ ጉዳይ አለ፤ ዶሮ።

ወፎች ጥርስ የላቸውም። አያቶቻቸው ግን ነበራቸው፤ ቅሪተ አካላቸው ላይ ይታያል። በ1980 ሁለት ተመራማሪዎች ከዶሮ ፅንስ አፍ የላይኛውን ስስ ሽፋን ወስደው ከአይጥ ፅንስ በተወሰደ የመንጋጋ ውስጠኛ ሥጋ ላይ አጣበቁት። ጥርስ በቀለ! ዓለም ጉድ አለ። በኋላ ግን ጥርጣሬ መጣ፤ ምናልባት የአይጡ የራሱ ሽፋን ሳይታወቅ ተቀላቅሎ ይሆናል ተባለ።

በ2006 ደግሞ ሌላ ቡድን የተሻለ ነገር አመጣ። ምንም የአይጥ ነገር የሌለበት። ታልፒድ የሚባል ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ያለባቸው የዶሮ ፅንሶች አሉ። አካላቸው ብዙ ቦታ ላይ የተዛባ ስለሆነ ከእንቁላል ሳይወጡ ይሞታሉ። ለረጅም ጊዜ ሰዎች እግርና ክንፋቸውን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ማቲው ሃሪስ የሚባል ተመራማሪ ግን መንቆራቸውን አየ። ጫፉ አካባቢ፣ መንጋጋው ጠርዝ ላይ፣ ሾል ያሉ ጥቃቅን ጉብታዎች ተደርድረዋል። አበቃቀላቸው የአዞ ፅንስ ጥርስ ሲጀምር ከሚያሳየው ጋር ይመሳሰላል። አዞ ደግሞ የወፍ የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ ዶሮ ጥርስ የመጀመር ችሎታዋን ሙሉ በሙሉ አልረሳችም ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጥርስ የሚያስጀምሩት ምልክቶች ላባን፣ የእግር ቅርፊትንና ሌላውንም የሰውነት ክፍል የሚያስጀምሩት እነዚያው ናቸው። ሥራ ላይ ናቸው።

ግን መጀመርና መጨረስ ለየቅል ነው። ጥርስ ጥርስ የሚሆነው ኢናሜል ሲለብስ ነው፤ ያ ጠንካራው ነጭ ልባስ። ኢናሜል የሚሠሩ ጂኖች ደግሞ ሌላ ሥራ የላቸውም ማለት ይቻላል። ጥርስ ከሌለ እነሱም ሥራ የላቸውም። በ2014 የ48 የወፍ ዝርያዎች ሙሉ ዲኤንኤ ሲመረመር ጥርስን ከሚያጠነክሩት ጂኖች ስድስቱ በሁሉም ወፎች ላይ ተሰባብረው ተገኙ። ስብርባሪያቸው አለ፤ ሥራቸው የለም። ከጉዳቶቹ አንዳንዶቹ በሁሉም ወፎች ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከአንድ የጋራ አያት የመጡ ናቸው ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ያ የሆነው ከ116 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ብለው ገመቱ።

እንግዲህ እንቁራሪቷና ዶሮዋ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጡ። ሁለቱም ጥርስ ጥለዋል። አንዷ የጣለችው ከፊሉን ነው፤ ስለዚህ መመለስ ቻለች። ሌላዋ ሁሉንም ጣለች፤ ስለዚህ እሷ ዘንድ የቀረው ጅምሩ ብቻ ነው። ወፍ አንድ ቀን አፏ ውስጥ የሚነክስ ነገር ብታበቅል እንኳ የድሮው ጥርስ አይሆንም። ሌላ ዓይነት ጥርስ መሳይ ነገር ነው የሚሆነው። በነገራችን ላይ ዝይዎች ይህን አድርገውታል፤ መንቆራቸው ጠርዝ ላይ መጋዝ የመሰለ ነገር አላቸው። ጥርስ ግን አይደለም።

“ትእዛዙ ብቻ ጠፋ” ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በእባብ ላሳያችሁ። ጂን ብቻውን አይሠራም። የት፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚወስኑ ሌሎች የዲኤንኤ ቁራጮች አሉ። ማብሪያ እንበላቸው። አንድ ጂን ብዙ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ለአንጎል፣ አንዱ ለእግር። ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል ጂን አለ (ስሙ ከቪዲዮ ጌም የመጣ ነው፤ ሳይንቲስቶችም መጫወት ይወዳሉ)። ይህ ጂን ከሌለ አንጎልም ጀርባም በትክክል አይሠራም። ስለዚህ እባብ እግሯን ብትጥልም ጂኑን መጣል አትችልም። የምትጥለው የእግሩን ማብሪያ ነው።

በ2016 በካሊፎርኒያ የሚገኝ ቡድን ይህንኑ የእግር ማብሪያ ከብዙ እንስሳት ወስዶ በአይጥ ማብሪያ ቦታ ተካው። የሰው ማብሪያ የተተካለት አይጥ ደህና እግር አበቀለ። የዓሣም ተተክቶ እግር በቀለ። የዘንዶ ሲተካ ግን ከእግሩ የቀረው ጉማጅ ብቻ ነው። ከዚያ የዘንዶውን ማብሪያ ፊደል በፊደል ሲያነቡት በእባቦች ላይ ብቻ የሚታይ የ17 ፊደል ጉድለት አገኙ። ያቺን ክፍተት ሞልተው እንደገና ሞከሩ። አይጡ ሙሉ እግር አወጣ።

ግን እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ይህ ዜና ሲወጣ “እባብ ላይ እግር ሊመለስ ነው” የሚል ነገር ተናፍሷል። አይደለም። አይጥ ውስጥ የተቀረው የእግር አሠራር በሙሉ አለ፤ ጡንቻው፣ ነርቩ፣ ዳሌው። የጎደለው ማብሪያው ብቻ ነበር። ዘንዶ ውስጥ ያቺን ክፍተት ብትሞሉ ቢበዛ አሁን ያላት የእግር ርዝራዥ ትንሽ ይረዝም ይሆናል። ዘንዶ ጭራዋ አካባቢ ሁለት ጥፍር የሚመስሉ ነገሮች አሏት፤ የድሮ እግሯ ቅሪት ናቸው። ከዚያ ወደ መራመድ ረጅም መንገድ አለ።

አሁን ወደ አከራካሪው ክፍል ልለፍ። ብዙውን ጊዜ “ተመለሰ” የሚባለው ነገር ሲመለስ ማንም አላየም። ከዘር ሐረግ ነው የሚገመተው። ግምት ደግሞ ይሳሳታል።

በ2003 ማይክል ዋይቲንግና ባልደረቦቹ ጭራሮ የሚመስሉትን ነፍሳት ዘር ሐረግ አወጡ። እነዚህ ነፍሳት ቅርንጫፍ ላይ ሲቆሙ ከጭራሮው አይለዩም። ከፊሎቹ ክንፍ አላቸው፤ አብዛኞቹ የላቸውም። ተመራማሪዎቹ ሲያዩት ከሐረጉ ሥር አካባቢ ያሉት ክንፍ አልባ ሆነው፣ ክንፍ ያላቸው እዚያና እዚህ ተበታትነው ተገኙ። ስለዚህ የነዚህ ነፍሳት አያት ክንፏን ጥላ ነበር፣ ከዚያ ክንፍ እስከ አራት ጊዜ ተመልሷል ብለው ጻፉ። ትልቅ ጉዳይ ነበር። ክንፍ እኮ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጡንቻ፣ ነርቭ፣ መገጣጠሚያ፣ ሁሉም መስማማት አለበት።

ወዲያው ተቃውሞ ተነሳ። ሒሳቡ የሚቆመው “ክንፍ መጣልና ክንፍ ማግኘት እኩል ይቀላሉ” በሚል ግምት ላይ ነው ተባለ። እኩል ናቸው እንዴ? መጣል ቀላል ነው። አንድ ነገር ከተበላሸ ይበቃል። ለማግኘት ግን ሁሉም መስተካከል አለበት። መጣልን ርካሽ፣ ማግኘትን ውድ አድርጋችሁ ብታሰሉት ያው ሐረግ ሌላ ታሪክ ይነግራችኋል፤ ክንፍ አልተመለሰም፣ ብዙ ወገኖች ለየብቻቸው ጣሉት እንጂ። በ2008 ኤማ ጎልድበርግና ቦሪስ ኢጊች ሌላ ችግር ጨመሩ። አንድ ባሕርይ ያላቸው ዝርያዎች ቶሎ ቶሎ ከተከፋፈሉ ወይም ቶሎ ከጠፉ ሐረጉ ራሱ ይዛባል፤ ያልተመለሰውንም የተመለሰ ያስመስለዋል።

ይህ ተራ የሒሳብ ጭቅጭቅ እንዳይመስላችሁ። ከወፎች የመጣ ሌላ ምሳሌ አለ። ሰጎን፣ ኢሙ፣ ኪዊና ሪያ አይበሩም። ለረጅም ጊዜ ሁሉም ከአንድ የማይበር አያት የመጡ ናቸው ይባል ነበር። ከ2008 ጀምሮ ግን የዲኤንኤ ጥናቶች ደቡብ አሜሪካ ያለችውን ቲናሙን ከመሀላቸው አገኟት። ቲናሙ ደግሞ ትበራለች፤ ጎበዝ በራሪ ባትሆንም ትበራለች። እንግዲህ ሁለት አማራጭ አለ። ወይ መብረር አንዴ ጠፍቶ ለቲናሙ ተመልሷል። ወይ ሌሎቹ በየራሳቸው መብረር አቁመዋል። በቁጥር ብቻ ከሄዳችሁ የመጀመሪያው ያጥራል፤ አንድ መጣል፣ አንድ ማግኘት። ሆኖም አብዛኛው ተመራማሪ ሁለተኛውን ነው የተቀበለው። ለምን? ወፎች መብረር ሲያቆሙ በደሴቶች ላይ ደጋግመን አይተናል፤ ካቆሙ በኋላ ሲበሩ ግን አይተን አናውቅም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ለወፍ “አይመለስም” ያልነው ለነፍሳቱ “ተመልሷል” ካልን ምክንያት ማቅረብ አለብን። የነፍሳቱ ጉዳይ እስካሁን አልተዘጋም፤ በቅርብ ዓመታትም መመለሱን የሚደግፉ አዳዲስ ጥናቶች ወጥተዋል። እኔ በበኩሌ ከሐረግ ብቻ የመጣ ማስረጃ አያሳምነኝም። ሌላ ምስክር ይፈልጋል። ለምሳሌ የዓረቢያ የአሸዋ ቦአ የምትባል እባብ አለች። ዘመዶቿ ልጅ ይወልዳሉ፤ እሷ እንቁላል ትጥላለች። ሐረጉ “መውለድ ትታ ወደ እንቁላል ተመለሰች” ይላል። እዚህ ግን ተጨማሪ ምስክር አለ። ከእንቁላል የሚፈለፈሉ እባቦች ቅርፊቱን የሚቀዱባት አንዲት ጥርስ አላቸው። የዚህች ቦአ ልጆች ያቺ ጥርስ የላቸውም። እንቁላሉ ተመለሰ፤ መቅጃው ቀረ። ዶሎ በሕይወት ቢኖር በጣም ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ሲመለስ በዓይን የታየ ነገርስ የለም ወይ? አለ። ግን በቅርብ ሲታይ አንዳንዱ እውነተኛ መመለስ አይደለም። ሲያትል ከተማ አጠገብ ዋሽንግተን የሚባል ሐይቅ አለ። ድሮ በፍሳሽ የደፈረሰ ነበር። በ1960ዎቹ ፍሳሹ ተቋርጦ ውሃው ጠራ። እዚያ ስቲክልባክ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች አሉ፤ ጎናቸው ላይ የአጥንት ጋሻ ይኖራቸዋል፣ አንዳንዶቹ ሙሉ፣ አንዳንዶቹ ጥቂት። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሙሉ ጋሻ ያላቸው 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2005 ቁጥሩ 49 በመቶ ደረሰ። ውሃው ሲጠራ ትልልቆቹ ዓሦች ያዩዋቸዋል፤ ጋሻ ያስፈልጋል። ፈጣን ነው፣ ግን ጋሻው መች ጠፋና! የጋሻው ጂን በጥቂቶቹ ውስጥ ተደብቆ ነበር። የተለወጠው ድርሻው ነው።

የሜክሲኮ የዋሻ ዓሦች ደግሞ የበለጠ ይገርማሉ። በጨለማ ኖረው ዓይናቸውን ያጡ ናቸው፤ ያውም በተለያዩ ዋሻዎች ለየብቻቸው። በ2008 ሪቻርድ ቦሮውስኪ ከተለያዩ ዋሻዎች የመጡ ዓይነ ስውር ዓሦችን አዳቀለ። ከልጆቻቸው ከፊሎቹ የሚያዩ ሆነው ተገኙ! በአንድ ትውልድ። ምስጢሩ አንዱ ዋሻ የሰበረው ጂን ሌላው ዋሻ ከሰበረው የተለየ መሆኑ ነው። የአንዱ ጉድለት በሌላው ተሞላ። ዓይን ከእያንዳንዱ ዋሻ ጠፍቷል፤ ከሁሉም ዋሻዎች ድምር ግን አልጠፋም።

ከሁሉም የምወደው ግን የባክቴሪያ ሙከራ ነው። ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ።

ሱዶሞናስ ፍሉረሰንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። የሚዋኘው በጭራ ነው። ጭራው ተራ ፀጉር አይደለም፤ ከብዙ ፕሮቲኖች የተገጣጠመ የሚሽከረከር ሞተር ነው። ይህን ሁሉ የሚያዝ አንድ አለቃ ጂን አለ፤ ፍሌኪው ይባላል። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች አለቃውን ከዲኤንኤው ላይ ቆርጠው አወጡት። አላጠፉትም፣ አወጡት። ሊጠገን የሚችል ነገር አልቀረም። ባክቴሪያው ጭራ አልባ ሆኖ ባለበት ቀረ። ከዚያ ምግቡ እስኪያልቅ ሳህን ላይ ተዉት። መንቀሳቀስ የማይችል በረሃብ ይሞታል።

ከ96 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ጭራ አውጥተው መዋኘት ጀመሩ።

እንዴት? ሌላ አለቃ ተበድረው። ናይትሮጅንን የሚቆጣጠር ሌላ ፕሮቲን አለ፤ የፍሌኪው የሩቅ ዘመድ ነው፣ መልካቸው ይመሳሰላል። መጀመሪያ አንድ ሚውቴሽን ያ ፕሮቲን ከመጠን በላይ እንዲሠራ አደረገው። ሲበዛ ጊዜ ሥራው ያልሆኑትን የጭራ ጂኖችም መነካካት ጀመረ። ባክቴሪያው ቀስ እያለ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ሁለተኛ ሚውቴሽን ፕሮቲኑን ራሱን ወደ ጭራው ሥራ አዘነበለው። አሁን በደንብ ዋኘ። ዋጋም ከፈለ፤ የናይትሮጅን ቁጥጥሩ ተቃወሰ። ውጤቱ በ2015 ታተመ።

ተመለሰ ወይስ አልተመለሰም? ጭራው ያው የድሮው ጭራ ነው። የሚያዘው ግን ሌላ ነው። የጭራው ዕቃዎች ሁሉ በቦታቸው ስለነበሩ ቶሎ ሆነ። ዕቃዎቹም አብረው ቢቆረጡ ኖሮ 96 ሰዓት አይደለም፣ 96 ሚሊዮን ዓመትም አይበቃም ነበር።

በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ የታየበት ሥራም አለ። ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን ሰውነታችን ውስጥ አለ። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው አያቱ ሌሎች ሆርሞኖችንም ይቀበል ነበር። ጆ ቶርንተንና ባልደረቦቹ የጥንቱን ፕሮቲን በቤተ ሙከራ መልሰው ሠሩት። ከዚያ በ2009 ተቃራኒውን ሞከሩ። አዲሱን ፕሮቲን ወስደው ሥራውን የቀየሩትን ዋና ዋና ለውጦች ወደ ኋላ መለሷቸው። የጥንቱ ሥራ ይመለሳል ብለው ነበር። የወጣው ምንም የማይሠራ ፕሮቲን ነው። ምክንያቱ ሥራው ከተቀየረ በኋላ የመጡ አምስት ሌሎች ለውጦች ናቸው። እነዚህ አዲሱን ሥራ አሻሽለዋል፤ የድሮውን ቅርጽ የሚደግፈውን ምሰሶ ግን አላልተዋል። እነሱ መጀመሪያ ካልተመለሱ ዋናዎቹ መመለሳቸው ዋጋ የለውም። እነሱን ብቻ መመለስ ደግሞ የድሮውን ሥራ ቅንጣት አያሻሽለውም። ስለዚህ ተፈጥሯዊ ምርጫ ወደዚያ የሚገፋበት ምክንያት የለውም። ጂኑ ደህና ነው፣ አልፈረሰም፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል። ይህ ከ1994ቱ ስሌት የተለየ እንቅፋት ነው፤ ጊዜ የሚለካው አይደለም።

በመጨረሻ ከታዳሚ የመጣ ጥያቄ ነበር፤ ጥሩ ስለሆነ እዚህ ላካትተው። “ሰውስ? ጭራችን ሊመለስ ይችላል?” የሚል ነው።

ጭራ ነበረን፤ አሁንም ለጥቂት ሳምንታት አለን። የሰው ፅንስ በሁለተኛው ወር መጀመሪያ አካባቢ ጭራ አለው፣ ከዚያ ይጠፋል። ከኛና ከነጎሪላ ወገን ጭራ ከጠፋ 25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። በ2024 የታተመ ጥናት አንዱን ምክንያት አግኝቷል። ቲቢኤክስቲ የሚባል ጂን ውስጥ አንዲት ተዘዋዋሪ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብታለች። አይጥ ላይ ተመሳሳዩ ሲሠራ ጭራው አጠረ ወይም ጭራሽ ጠፋ። ጂኑ ራሱ አልሞተም፤ ጀርባ ለመሥራት ያስፈልጋል። እስካሁን የነገርኳችሁን ይዛችሁ ብትፈርዱ “እንግዲያው ይመለሳል” ልትሉ ነው። መሣሪያው ሥራ ላይ ነው፣ ጉዳቱም ትንሽ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ጭራ መሳይ ነገር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። አብዛኛው ሥጋና ስብ ብቻ ነው፣ አጥንት የለውም፤ እንደ ማስረጃ አይቆጠር። ዓሣ ነባሪ ላይ ግን በ1919 ቫንኩቨር ደሴት አጠገብ ከአንድ ሜትር በላይ የኋላ እግር ያላት ተይዛለች፤ ያኛው አጥንት ነበረው። አንድ ግለሰብ እንዲህ ሆኖ መወለዱና አንድ ዝርያ ባሕርዩን መልሶ መያዙ ግን የተለያዩ ናቸው። ለሁለተኛው ጥቅም ያስፈልጋል፤ ለብዙ ሺህ ትውልድ የሚዘልቅ ጥቅም።

የኛ ዋናው ችግር ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ድሮ ጭራ ያንቀሳቅሱ የነበሩ ጡንቻዎች አልጠፉም። ቀጥ ብለን ስንሄድ የሆድ ዕቃችን ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። ያንን ከሥር የሚይዘው የዳሌ ወለል ከነዚያ ጡንቻዎች ነው የተሠራው። ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ደግፈው የያዙት እነሱ ናቸው። የ2024ቱን ቁራጭ ብታወጧት የጭራው አጥንት ሊረዝም ይችል ይሆናል። የሚያወዛውዘው ጡንቻ ግን ሌላ ሥራ ይዟል፤ ያንን ሥራ የሚረከበው ሌላ ጡንቻ ደግሞ እስካሁን የለም።